ሠላሳ ሰባት

የአይጥ ጽንስ አንጎል ነበር፣ ከምስር ክክ ያነሰ፣
በኢንዛይም ላልቶ፣ በፒፔት ጫፍ ተመጥጦ የፈራረሰ፤
ሳህን ላይ ዘራሁት፤ እንደ ጤፍ በተንሁት፤
አሥራ አራት ቀን ሙሉ ቀለቡን እየለወጥሁ ጠበቅሁት።

መጀመሪያ እያንዳንዱ ሕዋስ ብቻውን፣
አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው፣ አቅፎ ጉልበቱን።
ኋላ ክር ያወጣል፤ በዳበሳ ይሄዳል፤
ከጎረቤቱ ደጃፍ ይደርስና ሳይነካው ይቆማል።

እዚያ ነው ነገሩ። መሃላቸው አለ ገደል፣
አንዲት ፀጉር አራት ሺህ ቦታ ቢሰነጥቋት የአንዱን ስንጣሪ የሚያክል።
ብልጭታው ጠርዙ ላይ ይሞታል፤ ቅመም ብቻ ይሻገራል፤
ማዶ ካለው በር ላይ እንደ ቁልፍ ልክክ ይላል።
ማዶም ብልጭታ ይነሣል። ያው ግን አይደለም፤
የተነሣው ሌላ ነው፤ የሞተው አይመለስም።

በድምፅ ማጉያ እሰማቸዋለሁ፤ ጠቅ። ጠጠቅ። ዝም። ጠቅ።
ልጅ ሆኜ እንዲህ ነበርሁ፣ ገብስ ሲቆላ
መጀመሪያ የምትፈነዳዋን ፍሬ ስጠብቅ።

ማክሰኞ ማታ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ደሴ መብራት ጠፋ።
ከአራዳ እስከ ሆጤ ድቅድቅ አለ፤ ጦሳም ጉሙን ላያችን ደፋ።
ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም፤ ሰብስቤ ዘበኛው ምሎ፣
«ለስብሰባው መኪና ተቀዳ» አለኝ፣ የባትሪውን ብርሃን መሬት ላይ ጥሎ።

ከኢንኩቤተሩ መስታወት ጀርባ ቴርሞሜትሩ ቁልቁል ይቆጥራል፤
ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ አራት ተኩል።
ሙሄን ደወልሁለት፣ ወንድሜን፣ የአይሱዙ ሾፌሩን፤
«ባዶዬን ወደ ኮምቦልቻ ነኝ፤ አብሽሪ፤ ብቻ ደርቢ ልብስሽን።»

ክዳኑን አጠበቅሁ፤ ሳህኑን በፎጣ ጠቀለልሁ፤
ከሹራቤ ሥር፣ ከብብቴ፣ ከቆዳዬ ላይ አኖርሁ።
ሠላሳ ሰባት ዲግሪ፤ እኔም ያው ነኝ፤ ምን ይገርማል፤
ሰው ለካ ቆጣሪ የሌለው ምድጃ ነው፤ ማን ይቆርጥበታል?

«ምንድን ነው እሱ?»
«አንጎል።»
ሁለት ኩርባ ሙሉ ዝም አለ።
«የማን?»
«የአይጥ።»
«ለአይጥ ይህን ያህል ከታዘነ
እኔን ወገቤን ሲያመኝ የት ነበርሽ?» አለና ሳቀ።

ሐረጎ ላይ ጉሙ መስታወቱን በላው።
አስፋልት የለም። ጠርዝ የለም። የራሳችን መብራት ነጭ ግድግዳ ሆነብን።
ሙሄ ጡሩንባውን ጫነ፤ አንዴ፣ አጭር።
መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ሰጠ።
ከኩርባው ማዶ ሌላ ጡሩንባ መለሰ፤
ቆምን፤ አንድ ትልቅ ጥላ እየተንፏቀቀ አለፈ።

ለሙሄ ምንም አላልሁትም።
ብብቴ ሥር ያለውን ብቻ ጠበቅ አደረግሁ።

ቀጣዩ ኩርባ ላይ የመለሰ የለም። እሱ ግን አልነዳም።
«ሂድ እንጂ» አልሁት፤ «ይበርድብኛል።»
«ዝም ያለ ሁሉ የለም ማለት አይደለም» አለኝ፣
መሪው ላይ በጣቱ እየጠበጠበ።
ቆየ። በጣም ቆየ።
ከዚያ ጡሩንባው የተቃጠለ አንድ ተሳቢ፣ በግማሽ መብራት፣
መስተዋታችንን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ ሳይነካን አለፈ።

ኮምቦልቻ ይሞቃል። ቦርከና ማዶ የፋብሪካው መብራት በርቷል።
ከማሉ የኮሌጁን ላብራቶሪ በፒጃማ መጥቶ ከፈተልኝ፤
ማጉያውን ከሩዝ ከረጢቱ አውጥቼ ሰካሁ።
ስድሳ ኤሌክትሮድ። ስድሳውም ዝም።

ከማሉ ሰዓቱን አየ፤ ፊቴን አየ፤ «አንዳንዴ እንዲህ ነው» አለ፣
ወንበር ላይ ተኝቶ አንኮራፋ።
እኔ መሪ የለኝም፤ ጠረጴዛውን ጠበጠብሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አርባ ሁለተኛው፤
ጠቅ።
ቆይቶ፣ ከማዶ ጥግ፣ ዘጠነኛው።
ቆይቶ አርባ ሁለተኛው። ከዚያ መቁጠር አቃተኝ።

ሙሄን ደወልሁለት፤ ጋቢና ውስጥ እንደተኛ ነው፤
ምንም ሳልል ስልኩን ወደ ማጉያው አስጠጋሁ።
ዝም ብሎ ሰማ፤ ሰማ፤
እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ፣
«ደሴ ዘነበ እንዴ?» አለኝ።